የተወላገደ የቢዛንታይን ዘመን ሳንቲም እጃችሁ ከገባ እንዴት ትለዩታላችሁ (ሎሚ ሳትነኩ)

አክስቴ ካቻምና ለፋሲካ ኢየሩሳሌም ደርሳ ስትመለስ ለዘመድ ሁሉ ጧፍና መቁጠሪያ አምጥታ ለኔ ግን በመሀረብ ጫፍ የተቋጠረች አንዲት ጥቁር መዳብ ሰጠችኝ። "እንካ፣ አንተ አሮጌ ነገር ትወዳለህ፣ የጌታ ዘመን ናት ብሎኛል ሻጩ፣ ያቺ መበለት የጣለቻት ዓይነት" አለችኝ። ክብ አይደለችም፣ ባለ አራት ማዕዘንም አይደለችም፣ አንዱ ጎኗ በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል፣ በአንድ ፊቷ ዱላ የያዘ ሰውዬ የሚመስል ነገር አለ፣ በሌላው ፊቷ ደግሞ ምን እንደሆነ የማይገባ ጭረት። እና እኔ ብልጡ ምን አደረግኩ መሰላችሁ፣ ደብረ ማርቆስ ጓሯችን ቁጭ ብዬ እናቴ የመዳብ ዕቃ እንደምታፀዳው በሎሚና በአመድ ፈተግኳት። ስጨርስ እንደ አዲስ ሽቦ ቀልታ ቁጭ፣ ቅድም ከታች በኩል በደብዛዛው ይታዩ የነበሩት ሁለት ሦስት ፊደላት ግን የሉም፣ ከቆሻሻው ጋር አብረው ሄደዋል። እነዛ ፊደላት ናቸው የት እንደታተመች ሊነግሩኝ ይችሉ የነበሩት።

ይሄን የምጽፈው ሌላ ሰው ሎሚ ከመጭመቁ በፊት ቢደርስለት ብዬ ነው። አርኪዮሎጂስት ምናምን አይደለሁም፣ ግን ከዛ ወዲህ ነገሩ ልቤ ገብቶ ሰው የሚያሳየኝን ሁሉ በሚዛንና በስልክ መብራት ሳገላብጥ ነው የምውለው። ቆንጆ ሳንቲም መለየት ቀላል ነው፣ ፊቱን አይቶ ስሙን አንብቦ በቃ። አስቀያሚው ላይ ግን ፊትም ስምም የለም፣ ስለዚህ ማንበብ ያለባችሁ አስቀያሚነቱን ራሱን ነው፣ ምን አወላገደው? ተቆርጦ ነው፣ በሌላ ሳንቲም ላይ ታትሞ ነው፣ ወይስ የቀረጸው ሰው ፊደል ስለማያውቅ? ይሄ ከተመለሰ ዘመኑም አገሩም አብሮ ይመጣል። (ለየብቻው ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።)

መጀመሪያ የቤታችንን እናጣራ

እኛ ጎጃም ውስጥ "የሮማ ሳንቲም አገኘሁ" ከተባለ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ጠገራ ብር ነው። ማርትሬዛ ላይ ደረቷ ሞላ ያለ ሴትዮ አለች፣ መቼም ትታተም መቼ 1780 ነው የሚለው፣ 28 ግራም ትመዝናለች፣ ስፋቷ 4 ሳንቲሜትር ገደማ። የምኒልክ ብር ላይ ደግሞ አንበሳና ግእዝ ጽሑፍ አለ፣ ዓመቱም በግእዝ ቁጥር ነው (1887፣ 1889፣ እነዚህ በኛ)። የጣልያን ሳንቲምም አለ። እነዚህ ሁሉ የማሽን ሥራ ናቸው፣ ዙሪያቸው እኩል ነው፣ ጠርዛቸው ከፍ ያለ ነው፣ ውፍረታቸው ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው።

እኛ የምናወራው ቢዛንታይን ስለሚባለው፣ ማለትም መናገሻው ቁስጥንጥንያ ስለነበረው የምሥራቅ ሮማ መንግሥት፣ በመዶሻ ስለተመታ ሳንቲም ነው። አንዱ የማተሚያ ብረት ከታች ይተከላል፣ መዳቡ መሃል ይቀመጣል፣ ሌላው ብረት ከላይ ተይዞ በመዶሻ ቷ! ይደረጋል። መዳቡ ትንሽ ከሸሸ ምስሉ ግማሹ ውጭ ይቀራል፣ ቀዝቅዞ ከነበረ ጠርዙ ይሰነጠቃል፣ ሠራተኛው ቸኩሎ ሁለቴ ከመታው ንጉሡ ሁለት አፍንጫ ያወጣል። ስለዚህ ሳንቲሙ ስለተንሻፈፈ ብቻ "ፎርጅድ ነው" አትበሉ፣ እንደውም ብዙ ጊዜ የሚያጠራጥረው በጣም ያማረው ነው።

ሚዛን ላይ አውጡት

ወርቅ ቤት ሂዱና ለምናችሁም ቢሆን አስመዝኑ፣ የጤፍ ሚዛን አይሆንም፣ ነጥብ ያለው ግራም ነው የምንፈልገው። ስፋቱንም በማስመሪያ በሚሊሜትር ለኩ። ይሄን የምለው የቢዛንታይን መዳብ ታሪክ በአብዛኛው የክብደት ታሪክ ስለሆነ ነው። አጼ አናስታስዮስ በ498 ትልቁን የመዳብ ሳንቲም ሲያስጀምር (ፎሊስ ይሉታል) 9 ግራም አካባቢ ነበር፣ በ512 እጥፍ አደረገው፣ ዮስጢንያኖስ ደግሞ በ538-39 ላይ ከ20 ግራም በላይ አወጣውና ስፋቱ 4 ሳንቲሜትር የሚደርስ የእጅ መዳፍ የሚሞላ ነገር ሆነ። ከዛ በኋላ ቁልቁለት ነው። ሕርቃል በ610 ሲነግሥ ወደ 11 ግራም ገደማ ላይ ነበር፣ ሕርቃል ማለት ያ መስቀሉን ከፋርስ ያስመለሰው ንጉሥ ነው፣ እሱ በ641 እስኪሞት ድረስ ግማሹ እንኳን አልቀረም፣ የልጅ ልጁ ዳግማዊ ቆንስጣንስ (641-668) ጋ ስንደርስ 4 ግራም፣ 3 ግራም፣ አንዳንዴም ከዛ በታች። ዋጋው ግን ላዩ ላይ የተጻፈው ያው 40 ነው። ብር እንዴት እየቀለለ እንደሚሄድ ለኛ ማስረዳት አያስፈልግም መቼም።

ስለዚህ ወፍራም፣ ሰፊና ከባድ ከሆነ 6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው ብላችሁ ጀምሩ። ትንሽ፣ ቀላልና ዙሪያው የተቆራረጠ ከሆነ 7ኛው መቶ። ከ1 ግራም በታች ሆኖ የምስር ፍሬ የሚያክል ከሆነ ደግሞ ኑሙስ የሚባለው ነው፣ የትልቁ አንድ 40ኛ፣ እሱን መለየት ለባለሙያም ጣጣ ነው።

የግእዝ ቁጥር የምታውቁ እናንተ ትቀድማላችሁ

ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም እኔን በጣም ያስደሰተኝ እሱ ነው። በነዚህ ሳንቲሞች ጀርባ ላይ መሃል ላይ አንድ ትልቅ ፊደል አለ፣ ትልቁ ፊደል ቁጥር ነው፣ የሳንቲሙ ዋጋ። ግሪኮች በፊደላቸው ነበር የሚቆጥሩት፣ የእኛ የግእዝ ቁጥሮችም ሥራቸው እዛው የግሪክ ፊደል ላይ ነው። ፩ ከአልፋ፣ ፪ ከቤታ፣ ፫ ከጋማ፣ ፬ ከዴልታ፣ ፭ ከኤፕሲሎን፣ ፲ ከዮታ፣ ፳ ከካፓ፣ ፵ ደግሞ ኤም ከምትመስለዋ ከሚው። አስቡት፣ ፈረንጁ ተማሪ "ኤም ማለት 40 ነው" ብሎ ቃል በቃል ሲሸመድድ እዚህ ጎጃም ዳዊት የደገመ ልጅ ቁጥሩን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቀዋል ማለት ነው፣ መልኩ ትንሽ ስለተቀየረ ብቻ ነው የማይለየው።

እና ትልቅ ኤም ካያችሁ ፵ ነው፣ ሙሉው ፎሊስ። በላቲን ኬ የሚመስል ከሆነ ፳፣ ግማሹ። አንድ ቀጥ ያለ ዘንግ ብቻ ከሆነ ፲፣ ሩቡ። ወደ ቀኝ የተከፈተ ግማሽ ክብ ሆኖ መሃሉ ላይ ጭረት ካለው ፭። አሁን የምትወዱትን ልንገራችሁ፣ ዘንግና ቤታ ጎን ለጎን፣ መሃላቸው ብዙ ጊዜ መስቀል ያለበት ካገኛችሁ ፲፪ ነው፣ እንዳለ ፲፪! አሥራ ሁለት የሚባል ሳንቲም የግብፅ ነው፣ እስክንድርያ ብቻዋን ነበር የምትጠቀምበት፣ ስለዚህ ከታች ያለው የከተማ ስም ቢጠፋም አገሩን አወቃችሁት። ዮስጢንያኖስ ዘመን ላይ ተሰሎንቄ ደግሞ ፲፮ የሚል አትማለች።

አንዴ አንድ የቅኔ ተማሪ ጓደኛዬ የዚህን ፲፪ ፎቶ ስልኬ ላይ አሳየሁትና ምንም ሳልነግረው "በል አንብበው" አልኩት። ስልኩን ዞር ዞር አድርጎ አይቶ፣ "ይኸ እኮ ላይና ታቹ ሰረዙ ጠፍቶበት ነው እንጂ የኛው አሥራ ሁለት አይደለም ዋ?" አለ። ሙዝየም ውስጥ የሚሠራ ሰው ቢሆን እንዲህ ፈጥኖ አይመልስልኝም።

ኤሙ ሁለት መልክ አለው። አንዱ ቀጥ ቀጥ ያለ ነው፣ የእኛን ሠ ዘቅዝቃችሁ ብታዩት እሱ ነው። ሁለተኛው ጀርባው የጎበጠ ሦስት እግር ያለው ነው፣ ቁጭ ጠ። ጠ የሚመስለው ሲመጣ ወደ 7ኛው መቶ እየተጠጋችሁ ነው ማለት ነው፣ በተለይ የቆንስጣንስ ዘመን ላይ ይበዛል። በመሃል በአጼ ፎካስ ጊዜ (602-610) ደግሞ ቁስጥንጥንያ ላይ ኤሙ ይቀርና አራት ኤክስ ተደርድሮ ይመጣል፣ በሮማ ቁጥር 40 ለማለት።

ከትልቁ ፊደል ሥር ትንሽ ፊደል ካለች የወርክሾፑ ቁጥር ናት፣ ቁስጥንጥንያ ውስጥ አምስት ስለነበሩ ከ፩ እስከ ፭ ትጠብቃላችሁ። ከግራ በኩል ከላይ ወደታች የተደረደሩ አራት ፊደላት "አኖ" ነው የሚሉት፣ በላቲን "በዓመቱ" ማለት ነው፣ ከቀኝ ያለው ደግሞ የንግሥናው ዓመት፣ እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ ቁጥሩ በሮማ ነው የሚሄደው፣ 6 ብቻ እንደ መንጠቆ በታጠፈች ምልክት ይጻፋል። ዓመት መጻፍ የተጀመረው በዮስጢንያኖስ 12ኛ ዓመት ማለትም በ538-39 ነው፣ ስለዚህ "አኖ" ካለ ከዛ ቀን በፊት አይደለም። ከሁሉም ታች ያሉት ሦስት አራት ፊደላት የከተማው ስም መጀመሪያ ናቸው፣ ቁስጥንጥንያ ኮን፣ ኒቆሜዲያ ኒክ ወይም ኒኮ፣ ኪዚቆስ ኪዝ፣ ተሰሎንቄ ቴስ፣ ካርቴጅ ካር፣ አንጾኪያ ደግሞ ከ528 በኋላ ስሟን ቴዎጶሊስ ስላስባለች (የምድር መንቀጥቀጥ አፈራርሷት "የእግዚአብሔር ከተማ" ብለው ነው የሰየሟት) ቴውፕ የሚል አጻጻፍ ታገኛላችሁ። እኔ በሎሚ ያጠፋሁት ይሄንን ነው።

ፊደሉን ለማየት ፀሐይ ላይ አታውጡት፣ ጠፍጣፋ ብርሃን ሁሉንም ነገር ያጠፋዋል። ማታ መብራት አጥፉና የስልካችሁን ባትሪ ከጎን፣ ከጠረጴዛው ጋር ልክ አድርጋችሁ አብሩበት፣ ከዛ ሳንቲሙን ቀስ እያላችሁ አዙሩት። አንድ ዙር ሙሉ። ጥላው ሲዞር ቀን የማይታየው ጭረት ብቅ ይላል። ያያችሁትን በወረቀት ሳሉት፣ ያያችሁትን ብቻ እንጂ መኖር አለበት ያላችሁትን አይደለም፣ ይሄ ላይ ነው ሰው ሁሉ የሚሳሳተው።

አስቀያሚነቱ ከየት መጣ

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሳንቲሙ ቀጥ ያለ የተቆረጠ ጎን ካለው፣ ማለትም እንደ ቂጣ ቁራሽ ማዕዘን ካወጣ፣ ብዙ ጊዜ የሕርቃልና የቆንስጣንስ ዘመን ሥራ ነው። ምክንያቱ ጦርነት ነው፣ ፋርሶች በ614 ኢየሩሳሌምን ያዙ፣ ከዛ ግብፅን፣ ገንዘብ የለም፣ አዲስ መዳብ አቅልጦ ክብ ለማድረግ ጊዜም የለም፣ ስለዚህ የድሮውን ሰፊ ሳንቲም ሰብስበው በመሮ ይሁን በምን ሁለት ሦስት ቦታ ቆራርጠው በእያንዳንዱ ቁራሽ ላይ አዲሱን ምስል መቱበት። የአክስቴ ሳንቲም ጎን የተቆረጠ የሚመስለው ስለተቆረጠ ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

ከዚህ ጋር የሚሄደው በሌላ ሳንቲም ላይ መታተም ነው። የድሮው ምስል ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፣ ከሥር ሆኖ ያንጸባርቃል፣ ብራና ላይ የድሮው ጽሑፍ ተፍቆ አዲስ ሲጻፍበት እንደሚሆነው። ምልክቶቹ ምንድን ናቸው፣ ፊደላቱ ወደ ሁለት የተለያየ አቅጣጫ ይሄዳሉ፣ የንጉሡ ትከሻ ላይ ምክንያት የሌለው የነጠብጣብ ረድፍ ያልፋል (የድሮው ሳንቲም ጠርዝ ነው)፣ ወይም ከአንድ ፊት ላይ ግማሽ ኤም ይወጣል። የቱ በኋላ እንደመጣ ለማወቅ መስመሩን ተከተሉ፣ ሳይቋረጥ የሚያልፈው አዲሱ ነው፣ ተጨፍልቆ የሚቋረጠው የድሮው። ሁለቱንም ከለያችሁ እድለኛ ናችሁ፣ ምክንያቱም የሥረኛው ንጉሥ ከታወቀ የላዩ ከእሱ በፊት ሊሆን አይችልም።

አንዳንዱ ላይ ደግሞ ሙሉ ምስል ሳይሆን ትንሽ ክብ ማኅተም ብቻ ጥግ ላይ ተመትታ ታገኛላችሁ። የሲሲሊ ነገር ነው ይሄ፣ በሕርቃል ጊዜ የቆየ ሳንቲም ላይ ትንሽ የንጉሥ ምስልና የደሴቷን ስም አጭሩን መትተው እንደገና ያሠሩት ነበር።

ከባዱ የኮፒው ጉዳይ ነው። ይሄን ለመለየት እኔ ለራሴ ያወጣሁት ጥያቄ አለ፣ ፊደሉ ያለቀ ነው ወይስ ያልተማረ? ያለቀ ፊደል ማለት በደንብ ተቀርጾ በእጅ ብዛት የተፋቀ ነው፣ ቅሪቱ ግማሽ ቢሆንም ያ ግማሽ ትክክል ነው። ያልተማረ ፊደል ግን ሙሉ ሆኖ፣ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ግን ምንም አይልም፣ ዱላ ዱላ ዱላ፣ ክብ፣ የተገለበጠ ነገር። ፊደል ያልቆጠረ ልጅ የታላቁን ደብተር ሲገለብጥ አይታችሁ የለ፣ መስመሩ አለ፣ ቃሉ የለም። ያለቀ ከሆነ የመንግሥት ማተሚያ ቤት ሳንቲም ሊሆን ይችላል፣ ያልተማረ ከሆነ ግን አንድ ሩቅ አገር ያለ አንጥረኛ ገበያው ዝርዝር ስላጠረው አይቶ የሠራው ነው።

ሶርያና ፍልስጤም ውስጥ ይሄ በጣም ሆኗል። በ630ዎቹ ዓረቦች አገሩን ያዙት፣ ነገር ግን ወዲያው የራሳቸውን ዓይነት ሳንቲም አላወጡም፣ ሕዝቡ የለመደው መስቀል የያዘውን ንጉሥ ስለሆነ የቆንስጣንስን ሳንቲም እየገለበጡ ቀጠሉ። የትክክለኛው ቆንስጣንስ መልክ እንዲህ ነው፣ ንጉሡ ቆሟል፣ በቀኝ እጁ (ለእናንተ በግራ በኩል) ረጅም መስቀል ይዟል፣ በግራ እጁ መስቀል ያለበት ኳስ ይዟል፣ ዙሪያውን በግሪክ "ኤን ቱቶ ኒካ" ይላል፣ "በዚህ ድል አድርግ"፣ ያው ደመራ ስናበራ የምናነሳው የቆስጠንጢኖስ ታሪክ ነው። ጀርባው ላይ ጠ የሚመስለው ኤም አለ፣ ግራና ቀኙ ላይ ደግሞ "መታደስ" የሚል የግሪክ ቃል ተከፋፍሎ። ኮፒው ላይ ረጅሙ መስቀል አንዳንዴ ወደ ሌላኛው እጅ ይዞራል። ለምን? የቀበሌ ማኅተም የሚቀርጽ ሰው ፊደሉን ገልብጦ ነው የሚቀርጸው፣ ሲመታ እንዲቃና። ያልለመደው ግን ሳንቲሙን እንዳየው ብረቱ ላይ ይቀርጻል፣ ሲመታው ሁሉም ነገር መስታወት ውስጥ እንዳለ ይገለበጣል። በቃ ይቺን አንዲት ነገር ካያችሁ ብዙ ነገር አወቃችሁ።

ቆየት ብለው እነዚሁ ሳንቲሞች ላይ የከተማው ስም በግሪክም በዓረብኛም መጻፍ ጀመረ፣ ደማስቆ አለ፣ ሆምስ አለ፣ የሆምሱ ላይ በግሪክ "ቃሎን" በዓረብኛ "ጠይብ" ይላል፣ ሁለቱም "ጥሩ ነው" ማለት ናቸው፣ ሰውየው ገንዘቡን እንዳይጠራጠር በሁለት ቋንቋ ማለት ነው። ቤሳን የምትባል የፍልስጤም ከተማ ላይ የሚታተመው ደግሞ የቆንስጣንስን ትቶ ዳግማዊ ዮስጢኖስና ሚስቱ ሶፊያ ጎን ለጎን የተቀመጡበትን የድሮ የኒቆሜዲያ ሳንቲም ነው የገለበጠው፣ የኒቆሜዲያን ስም ሳይቀር አብሮ ገልብጦታል፣ ስለዚህ ኒኮ ስላለ ብቻ ኒቆሜዲያ ነው አትበሉ። ከ696-97 ጀምሮ ኸሊፋ አብዱልማሊክ ምስሉን አስቀርቶ ጽሑፍ ብቻ ያለበትን ገንዘብ አመጣ።

የእስክንድርያው ፲፪ ደግሞ አስቀያሚነቱ ሌላ ዓይነት ነው፣ ወፍራም ድብልብል ያለ ነገር ነው፣ ሳንቲም ሳይሆን ቁልፍ ይመስላል። ከንጉሡ ፊት ግራና ቀኝ ኮከብና ጨረቃ ካለ ፋርሶች ግብፅን ይዘው በነበሩበት ከ619 እስከ 629 ባለው ጊዜ የታተመ ነው። ዓረቦች በ641-42 ከገቡ በኋላም መገልበጡ ቀጥሏል፣ እያነሰና እየተበላሸ።

መዳቡ እንደ ጭልፋ ጎድጎድ ካለ ብዙ አትቸገሩ፣ ትራኪ ይባላል፣ ከአጼ ቀዳማዊ አሌክሲዮስ የ1092 የገንዘብ ለውጥ በኋላ ያለ ነው። ጎድጓዳ ስለሆነ በአንድ ምት ሁሉ ቦታ አይደርስም፣ ሁለቴ ነው የሚመታው፣ ምስሉ መሃል ላይ የማይገጥመው ለዛ ነው። የመስቀል ጦረኞች ቁስጥንጥንያን ከያዙበት ከ1204 በኋላ የተሠሩ ብዙ ትናንሽ ኮፒዎችም አሉ። የንጉሥ ስም ጨርሶ የሌለው፣ ፊት ለፊት የጌታ ምስል፣ ከኋላ በአራት መስመር "ኢየሱስ ክርስቶስ ንጉሠ ነገሥት" የሚል የግሪክ ጽሑፍ ያለው ካጋጠማችሁ ደግሞ ከ970 ገደማ እስከ 1092 ባለው ጊዜ የታተመ ነው። እነሱም አንዱ በሌላው ላይ እየተመቱ ስለሆነ አንዳንዴ ጌታ ፊቱ ላይ ሌላ መስቀል ያልፋል፣ ያ ጉድለት አይደለም።

የኛው አክሱምስ?

ትንሽ መዳብ፣ 1 ግራም ገደማ፣ 15 ሚሊሜትር አካባቢ ከሆነች ቶሎ ብላችሁ ቢዛንታይን አትበሏት፣ አክሱም ሊሆን ይችላል፣ ዘመኑ አንድ ነው፣ አጼ ካሌብ የነገሠው ቁስጥንጥንያ ላይ ቀዳማዊ ዮስጢኖስና ዮስጢንያኖስ በነበሩበት ጊዜ ነው። የአክሱም ሳንቲም በብዛት የሚገኘው ከትግራይና ከኤርትራ መሬት ቢሆንም ፍልስጤምና ግብፅም ውስጥ ከኑሙሶች ጋር ተቀላቅሎ ይወጣል፣ ስለዚህ ከኢየሩሳሌም የመጣ ጥቃቅን መዳብ ውስጥ የኛው ዘመድ ቢገኝ አይግረማችሁ።

መለያው ይሄ ነው፣ ንጉሡ ብዙውን ጊዜ ወደ ጎን ነው የሚያየው፣ ወይ ዘውድ ወይ የራስ ጨርቅ አድርጓል፣ ብዙዎቹ ላይ የእህል ዛላ ግራና ቀኝ አለ፣ ከኢዛና ክርስትና በፊት ያለው ላይ ጨረቃና ክብ፣ ከዛ በኋላ መስቀል። ጽሑፉ ግሪክ ወይም ግእዝ ነው። ግእዙ ግን ካዕብ ሳልስ የለውም፣ ሁሉም በግእዙ ነው የሚጻፍ፣ "ንጉሥ" የሚለው "ነገሠ" ሆኖ ነው የምታገኙት፣ "ነገሠ አረመሐ" ካያችሁ ንጉሥ አርማሕ ማለት ነው፣ ከመጨረሻዎቹ አንዱ። የእሱ መዳብ ላይ "ፍሥሐ ለይኩን ለአሕዛብ" የሚል አለ፣ ለሕዝብ ደስታ ይሁን። አንደኛው ስም የሌለው የመዳብ ዓይነት ላይ ደግሞ በግሪክ "ይህ ለአገሩ ደስ ያሰኝ" ይላል፣ የዚህኛው ግሪክ ብዙ ጊዜ የተበላሸ ነው፣ ያው "ያልተማረ ፊደል" ያልኩት።

አክሱም ላይ አንድ ሌላ ቦታ የማይገኝ ነገር አለ፣ መዳቡና ብሩ ላይ የመስቀሉን መሃል ወይም የንጉሡን ራስ ዙሪያ በስሱ ወርቅ ይለብጡት ነበር። ያ ወርቅ ከጥፍር የሳሳ ነው። አሁን ሎሚና አመዱን አስቡት።

ፎርጅዱን፣ ማስቀመጡን በአጭሩ

ፈሶ የተሠራ ፎርጅድ ጠርዙ ላይ ዙሪያውን የሚሄድ ስፌት የመሰለ መስመር ይኖረዋል፣ ላዩ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳ፣ ፊደሉ ደግሞ ሳሙና ላይ የተጻፈ ይመስል ጫፉ ይድበለበላል። በመዶሻ የተመታ ግን ምንም ያህል አስቀያሚ ቢሆን አንድ ቦታ ላይ ሹል ነው። ሁለት ሳንቲም በአንድ ቦታ ተሰንጥቀው፣ በአንድ ልክ ተንሻፈው ካያችሁ ሁለቱንም ጥሏቸው፣ መዶሻ እንዲህ ዓይነት መንታ አይወልድም።

ካገኛችሁት አትፈትጉት። ጥቁሩና ቡናማው ሽፋን ፊደሉን የያዘው ነው። አፈሩ ካስቸገረ የተጣራ ውሃ ውስጥ (የባትሪ ውሃ ነዳጅ ማደያ አለ፣ ዲስቲልድ መሆኑን ብቻ አረጋግጡ፣ አሲዱን እንዳያመጡላችሁ) ቀናት አስቀምጡና በለስላሳ ብሩሽ። ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ዱቄት ከወጣበት ግን እሱ በሽታ ነው፣ እርጥበት ነው የሚያባብሰው፣ በእኛ ክረምት ደግሞ ሐምሌና ነሐሴን መገመት ነው። ለብቻው ለዩት፣ አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኘውን "አትብሉ" የሚለውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት አብራችሁ በደረቅ ዕቃ ክደኑት። ከእርሻ ወይም ከቁፋሮ የወጣ ከሆነ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 (ይሄ በኛ ነው) መሠረት ማሳወቅ ግዴታ ነው፣ በአቅራቢያችሁ ያለው ባህልና ቱሪዝም ጋ ሂዱ፣ ከየት ማሳ፣ ከስንት ጥልቀት፣ ከምን ጋር እንደወጣ ጻፉለት፣ ቦታው ከሌለ ሳንቲሙ ግማሽ ነው።

የአክስቴን ነገር ልጨርስ። 3.9 ግራም፣ 22 ሚሊሜትር፣ አንድ ጎኗ የተቆረጠ። ማታ በባትሪ ሳዞራት ዱላ የመሰለኝ ረጅሙ መስቀል ነው፣ ለኔ በቀኝ በኩል ነው ያለው፣ ማለትም በተሳሳተው እጅ። ጀርባዋ ላይ ጠ አለች፣ ጎኗ ያሉት ፊደላት ጥርት ብለው ምንም አይሉም። ከትከሻው በላይ የድሮ ነጠብጣብ ረድፍ ያልፋል። እንግዲህ የሶርያ ኮፒ ናት፣ ከ640ዎቹ ወዲህ። ሄጄ ነገርኳት፣ "እትዬ፣ ከጌታ ዘመን ስድስት መቶ ዓመት ያህል ዘግይታለች፣ መበለቲቱ አላየቻትም" አልኳት። ቡናውን እየቆላች ቀና አላለችም።

"መስቀል ይዟል አላልክም?"

"ይዟል።"

"ታዲያ ምን ጎደላት" ብላ እጇን ዘረጋች፣ ሰጠኋት፣ ወደ በሩ ብርሃን አዙራ አየቻትና "እኔ ሳመጣት ጥቁር አልነበረችም እንዴ? ምን አድርገሃት ነው እንዲህ የቀላችው?"